በመብራት ምሰሶ ላይ የታሰረችው ወረቀት

በእንግሊዝ ከተሞች፣ በየመብራት ምሰሶው ላይ፣ ዝናብ እንዳያርሳት በፕላስቲክ ተሸፍና በገመድ የታሰረች ወረቀት አለች። አብዛኞቻችን የጠፋ ድመት ማስታወቂያ ትሆናለች፣ ወይም ስለ መኪና ማቆሚያ ይሆናል እያልን፣ አውቶቡስ ለመያዝ እየሮጥን እናልፋታለን። ወረቀቷ የያዘችው ነገር ግን ቀላል አይደለም። ይህ ሕንፃ ሊፈርስ ነው፣ በዚያኛው ላይ ሦስት ፎቅ ሊጨመርበት ነው፣ የሰፈሩ አዳራሽ ወደ መኖሪያ ፍላትነት ሊለወጥ ነው፤ አስተያየት ያለው ሰው በ21 ቀን ውስጥ ለካውንስሉ ይጻፍ ትላለች። ዜግነትህን አሳይ፣ ፓስፖርትህን አምጣ አትልም።

የምርጫውን ነገር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከናይጄሪያ ወይም ከጋና የመጣው ጎረቤታችን አገሩ የኮመንዌልዝ አባል በመሆኗ፣ የብሪታንያ ዜግነት ሳይኖረው በመኖሪያ ፈቃዱ ተመዝግቦ የፓርላማ አባል ይመርጣል። እኛ የእንግሊዝ ቅኝ ሆነን ባለማወቃችን ዜግነት እስክናገኝ ድረስ ዳር ቆመን እንመለከታለን። ለካስ የነፃነት ዋጋ በለንደን የምርጫ ጣቢያም ይከፈላል! የካውንስል ታክሱን ግን እንደ ሁሉም ሰው በየወሩ እንከፍላለን። ስለዚህ ያለ ድምፅ መስጫ ካርድ የምንገባበት አንድ የፖለቲካ በር ካለ፣ እሱም በመብራት ምሰሶ ላይ ከታሰረ፣ ቆም ብለን ማንበብ ይገባናል ባይ ነኝ።

እንግሊዞች ለአሮጌ ሕንፃ ያላቸው ፍቅር መጀመሪያ ላይ ግራ ያጋባል። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ዕድገት ሲባል በዓይኑ ላይ የሚመጣው መስታወት የለበሰ ፎቅ ነው። እዚህ ደግሞ ገንዘብ ያለው ሰው መስኮቱ በነፋስ በሚንቀጫቀጥ የመቶ ሃምሳ ዓመት ቤት ውስጥ ሁለት ሹራብ ደርቦ ይቀመጣል። እኔም በአንድ እንዲህ ያለ ቤት ለአራት ዓመት ተከራይቼ ኖሬአለሁ። ክረምት ሲገባ በመስኮቱ ላይ ውሃ ይወርዳል፣ የመኝታ ቤቱ ማዕዘን ሻጋታ ያበቅላል። አከራዬን መስኮቱን ለውጥልኝ ብዬ ስለምነው «ሰፈሩ በቅርስነት የተከለለ ነው፣ ካውንስሉ አይፈቅድም» ይለኛል። የአገራችንን ቴሌቪዥን ለማየት ዲሽ በፊት ለፊት ልስቀል ስለው ያው መልስ ነው። ቧንቧው ሲያፈስም ያንኑ ሊነግረኝ ሞክሯል፤ በቅርስነት የተመዘገበ የቧንቧ ፍሳሽ ግን እስካሁን አልሰማሁም።

ቢሆንም የነገሩን ሥር መመልከት ይጠቅማል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን አውሮፕላኖች ከተሞቻቸውን ሲያፈርሱ፣ የትኛው የተጎዳ ሕንፃ ይትረፍ፣ የትኛው ይናድ የሚለውን ለመወሰን የሕንፃ ባለሙያዎች ዝርዝር ይይዙ ነበር። ዛሬ ያለው የቅርስ መዝገብ የተወለደው ከዚያ ነው፤ በ1944 እና በ1947 በወጡት ሕጎች ተጠናከረ። አሁን በእንግሊዝ ብቻ ወደ 400,000 የሚጠጉ ምዝገባዎች አሉ። ከ1700 በፊት ተሠርቶ መልኩን ሳይለቅ የቆየ ሕንፃ በሙሉ ማለት ይቻላል እዚያ ውስጥ አለ። ቤተ መንግሥትና ካቴድራል ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ቀዩ የስልክ ሳጥን፣ የመቃብር ድንጋይ፣ የፈረስ ውሃ መጠጫ ገንዳ ሁሉ ተመዝግቧል። የተመዘገበን ሕንፃ ያለ ፈቃድ ማፍረስ ወንጀል ነው።

ሕግ ብቻውን ግን ግንብ አያቆምም። ይህን ለመረዳት ለብዙዎቻችን ቅርብ ከሆነው ከኪልበርን ሰፈር የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። በካርልተን ቬል ጎዳና ላይ «ካርልተን ታቨርን» የሚባል ፐብ አለ። በ1920 እና በ1921 የተሠራ፣ በዙሪያው የነበረው ሁሉ በጦርነቱ ቦምብ ሲወድም ብቻውን የተረፈ የጡብ ቤት ነው። ባለንብረቱ ኩባንያ አፍርሶ ፍላቶች ሊሠራበት አመለከተ፤ የዌስትሚንስተር ካውንስል ከለከለው። የሰፈሩ ሰዎች ግን በክልከላው ብቻ አልተማመኑም። ቤቱ በቅርስነት እንዲመዘገብ አመለከቱ። የቅርስ ባለሙያዎች መጥተው ጡቡን፣ የግድግዳውን ሸክላ፣ ጽሑፉን ሁሉ አንድ በአንድ መዝግበው፣ ፎቶ አንሥተው፣ ቅርጹን በጄሶ ወስደው ሄዱ። ምዝገባው ሊጸድቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ በአፕሪል 2015፣ ከፋሲካ በዓላቸው በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ ዶዘር መጥቶ ፐቡን ጠራርጎ ጣለው። ዕቃው ገና ውስጥ ነበር።

እኛ ብንሆን ምን እንል ነበር? «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» ብለን፣ ቡና ላይ ተነጋግረንበት፣ ነገሩ ያበቃ ነበር። እነዚህ ሰዎች ግን በሺህ የሚቆጠር ደብዳቤ ጻፉ። ካውንስሉ ባለንብረቱን «እንደነበረው አድርገህ፣ ጡብ በጡብ መልሰህ ሥራ» ብሎ አዘዘው። ኩባንያው ይግባኝ ጠየቀ፤ በ2016 ጉዳዩ በአደባባይ ተሰማ፤ ተረታ። ያ የጄሶ ቅርጽና ያ ፎቶ ያን ጊዜ ጠቀመ። በአፕሪል 2021፣ ከፈረሰ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ፐቡ እንደገና በሩን ከፈተ። እዚያ ቢራ የሚጠጣ ሰው ዛሬ የሚያየው ግንብ ነዋሪዎች በደብዳቤ የሠሩት ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ይህን ታሪክ ስሰማ እጅግ ደስ ብሎኝ ነበር። ሆኖም ከዚያ ፐብ በእግር ከአንድ ሰዓት በማይበልጥ ርቀት ላይ ሌላ ሕንፃ ስለነበረ ደስታዬ ሙሉ ሊሆን አልቻለም።

ግሬንፌል ታወር በ1974 የተጠናቀቀ 24 ፎቅ ያለው የካውንስል ሕንፃ ነበር። ቅርስ አልነበረም፤ የደሃ ሰው መኖሪያ ነበር። በአካባቢው ግን የተጠበቁ፣ ነጭ ቀለም የተቀቡ፣ የባለጸጎች መንደሮች አሉ። ሕንፃው ሲታደስ ለግንባታ ፈቃድ የቀረበው ሰነድ፣ ታወሩ ከእነዚያ በቅርስነት ከተከለሉ መንደሮች እንደሚታይና አዲሱ ልባስ ከአካባቢው ሲታይ መልኩን እንደሚያሳምረው ይናገራል። ሙቀት ለመቆጠብም ነበር፤ ያ እውነት ነው። ነዋሪዎቹ ዝም አላሉም። ስለ እሳት አደጋ ደጋግመው ጻፉ። በኖቬምበር 2016 ከባድ አደጋ ካልደረሰ በቀር የአስተዳዳሪዎቻቸውን ጉድ የሚያወጣው እንደሌለ አስጠነቀቁ። በጁን 14 ቀን 2017 ሌሊት ያ የተዋበ ልባስ እንደ ችቦ ነደደ። 72 ሰዎች ሞቱ፤ ከመካከላቸው የኢትዮጵያና የኤርትራ ልጆች ነበሩ። ስማቸውን እዚህ መጻፍ አያስፈልገኝም፤ ለቅሶ ደርሳችኋል። አጣሪው ጉባኤ በሴፕቴምበር 2024 የመጨረሻ ሪፖርቱን ሲያወጣ፣ የሁሉም ሞት ሊቀር ይችል እንደነበረ ተናግሯል።

እንግዲህ ይህ ነው እንቅልፍ የሚነሣኝ። በአንድ ከተማ፣ ለፐብ የተጻፈ ደብዳቤ ተነቦ ግንብ ከአፈር ሲነሣ፣ ለሰው ሕይወት የተጻፈ ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ቀረ። «ታዲያ መጻፉ ምን ዋጋ አለው?» የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። የእኔ መልስ ግን ሌላ ነው። የግሬንፌል ሰዎች ጽፈው ባይተዉ ኖሮ «አናውቅም ነበር» የሚለው ሰበብ ያልፍ ነበር። ደብዳቤያቸው ቀርቶ መሰከረ። ጥፋቱ የጻፉት ቁጥራቸው ማነሱና ጆሮ ያለው ሰው ከጎናቸው አለመቆሙ ነው። እኛም፣ በዚያው ከተማ እየኖርን፣ ከጎናቸው አልነበርንም።

አሁን ደግሞ ጊዜው ይበልጥ ከፍቷል። ከ2010 ወዲህ መንግሥት ለካውንስሎች የሚሰጠውን ገንዘብ እየቀነሰ መጥቶ፣ ክሮይደን በ2020፣ በርሚንግሃምና ኖቲንግሃም በ2023 በጀታችን አልበቃም ብለው አስታወቁ። ካውንስል ሲቸግረው መጀመሪያ የሚሸጠው ቤተ መጻሕፍቱን፣ የወጣት ማዕከሉን፣ የሰፈሩን አዳራሽ ነው። ሰርጋችንን የደገስንበት፣ ልጆቻችን ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል የሚቆጥሩበት፣ ዕድራችን የሚሰበሰብበት አዳራሽ የማን ነው? ከመካከላችን ስንቱ ጠይቆ ያውቃል? በ2011 የወጣ አንድ ሕግ ለማኅበረሰብ የሚጠቅም ሕንፃ ሊሸጥ ሲል ነዋሪዎች ገንዘብ እንዲያሰባስቡ የስድስት ወር ፋታ ሰጥቶ ነበር። በደቡብ ለንደን፣ ነንሄድ ያሉ ሰዎች በዚህ ተጠቅመው በ2013 «አይቪ ሃውስ» የሚባለውን ፐባቸውን በ810,000 ፓውንድ ገዙት። ማመልከቻውን የሚያቀርበው ማኅበር ቢያንስ 21 በአካባቢው የተመዘገቡ መራጮች እንዲኖሩት ይጠየቅ ነበር። ዕቁብ የምንጥል ሰዎች 21 ሰው ማሰባሰብ አያቅተንም።

ስለ ራሳችን ቅርስ ደግሞ ባዝ ከተማን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በጁን 1936 እንግሊዝ ገብተው፣ በዚያው ወር መጨረሻ ጄኔቫ ላይ ለመንግሥታት ማኅበር ከተናገሩ በኋላ፣ ባዝ ውስጥ ፌርፊልድ የሚባል ቤት ገዝተው እስከ 1940 ድረስ ኖሩበት። ለወጪያቸው የብር ዕቃቸውን እስከመሸጥ ደርሰዋል። እቴጌ መነን የባዝን ብርድና እርጥበት አልቻሉትም፤ ኢየሩሳሌም ይከርሙ ነበር። (የእኔ አከራይ አያት ይሆን ያከራያቸው?) በ1958 ንጉሡ ቤቱን ለአረጋውያን መጦሪያ እንዲሆን ለባዝ ከተማ ሰጡ።

ስለ ንጉሡ ያለን ፍርድ እንደየቤታችን ነው፤ በየሬስቶራንቱ እስከ እኩለ ሌሊት ተከራክረንበታል። ቤቱ ግን ከንጉሡም ከእኛም ክርክር በላይ ነው። አገሩ በፋሺስት ተይዞበት በሰው አገር የከረመ የአንድ ሕዝብ የስደት ማስታወሻ ነው፤ ለስደተኛ ከዚህ የቀረበ ቅርስ ከየት ይመጣል? ደጁ እንዳይዘጋ ለዓመታት የታገሉት ማን እንደሆኑ ጠይቁ፤ ከካሪቢያን የመጡ አዛውንቶች፣ ራስታዎችና የባዝ ተወላጆች ናቸው። እኛ በአውቶቡስ ሄደን ፎቶ ተነሥተን እንመለሳለን። ጣራው ሲያፈስ ግን አንጠየቅም፤ አንጠይቅምም።

በ2024 የፒያሳ ሰፈሮች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ለንደን ውስጥ ያየሁት ሐዘን እውነተኛ ነበር። ኬክ የበላንባቸው ቤቶች፣ ፎቶ የተነሣንባቸው ደረጃዎች ሥዕል ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር፣ ትልልቅ ሰዎች ሲያለቅሱ አይቻለሁ። እዚያ የ21 ቀን ወረቀት በምሰሶ ላይ አልታሰረም። እዚህ ታስሯል፤ እኛ ደግሞ እያለፍነው እንሄዳለን።

ለመጻፍ ለሚፈልግ ሰው ጥቂት ልጠቁም። ክፍያ የለውም። እንግሊዝኛው የተዋበ መሆን የለበትም፤ ልጆቻችሁ ያርሙታል፣ እነሱም ይማሩበታል። «ከመስኮቴ የሚታየውን ያበላሽብኛል» ወይም «የቤቴን ዋጋ ያወርደዋል» ብትሉ ካውንስሉ አይቆጥረውም። ብርሃን ይጋርዳል፣ ጫጫታና ትራፊክ ያመጣል፣ ማኅበረሰቡ የሚገለገልበትን ቦታ ያጠፋል፣ የሕንፃውን ታሪካዊ ይዘት ያበላሻል ብትሉ ግን ግድ ይመዝነዋል። ሁሉም አንድ ደብዳቤ አባዝቶ ከሚልክ፣ እያንዳንዱ በራሱ ቃል ሦስት መስመር ቢጽፍ ይበልጣል። የምትጽፉት ነገር ከነስማችሁ ለሕዝብ ሊታይ እንደሚችልም እወቁ። ነገሩ ለኮሚቴ ከቀረበ፣ አስቀድማችሁ ከተመዘገባችሁ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ደቂቃ ያህል መናገር ይፈቀድላችኋል፤ ሰዓት አክብራችሁ ሂዱ። ከወረቀቷ ላይ ያለውን የማመልከቻ ቁጥር በደብዳቤው ራስ ላይ መጻፍ አትርሱ፤ ያለ እሱ ደብዳቤው ፋይሉን አያገኝም።