ጡሩንባው ሲነፋ ወዴት ይሮጣል?

የፎገራ ሜዳ አርሶ አደር በነሐሴ የሚፈራው በራሱ ሰማይ ላይ ያለውን ደመና ብቻ አይደለም። ርብና ጉማራ የሚነሱት ከጉና ተራራ ነው። በደጋው በኩል ጠቁሮ ከዋለ፣ በሜዳው ጠብታ ባይወርድ እንኳ ውሃው በሌሊት ሊደርስ ይችላል። ጣናም በክረምቱ መጨረሻ ስለሚሞላ ወንዙ መውረጃ ሲያጣ በማሳውና በመንደሩ ላይ ይተኛል።

በ1998 ዓ.ም ክረምት ፎገራና ሊቦ ከምከም ላይ የደረሰው ይኸው ነበር። ማሳው ተጥለቀለቀ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ከቀያቸው ተፈናቀሉ። በዚያው ክረምት፣ በሐምሌ ማብቂያ፣ ድሬዳዋን በሌሊት የመታው የደቻቱ ጎርፍ ከ250 በላይ ሰዎችን ገደለ። ቀናት ሳይቆዩ ደግሞ የኦሞ ወንዝ ሞልቶ በደቡብ ኦሞ 364 ሰዎች መሞታቸው ተነገረ።

በ2005 ዓ.ም የወጣው የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ፖሊሲ ትኩረቱን ከአደጋ በኋላ እርዳታ ከማደል ስጋትን አስቀድሞ ወደ መቀነስ አዞረ። ወረዳዎች የየራሳቸውን ስጋት እንዲያጠኑና የዝግጁነት ዕቅድ እንዲያወጡ የሚጠበቀውም ከዚህ በመነሣት ነው። በዕቅዱ ላይ ኮሚቴ ይኖራል፣ ስልክ ቁጥር ይኖራል፣ ሰው የሚወጣበት ከፍታ ቦታም ይጠቀሳል። ውሃው ሲመጣ ግን ያንን ወረቀት አውጥቶ የሚያነብ የለም። በጨለማና በዝናብ ውስጥ ሰው የሚያደርገው እግሩ የለመደውን ነው። ልምምድ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

እግር የለመደው ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ወደ አደጋው ይወስዳል። በገጠር ኡኡታ ሲሰማ ወደ ጩኸቱ መሮጥ የኖረ ደንብ ነው፤ ያልመጣ ጎረቤት ይታማል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ጥቂት ቤቶች በመሬት ናዳ ሲቀበሩ፣ ጎረቤቱ በባዶ እጁና በአካፋ ሊቆፍር ተሰበሰበ። ቆፋሪዎቹ ገና በሥራ ላይ እያሉ ሁለተኛው ናዳ ወረደባቸው። ከ200 በላይ ሰው ከሞተበት ከዚያ አደጋ ብዙዎቹ ሟቾች ለማዳን የሮጡት ነበሩ፤ ከእነርሱም መካከል መምህራን፣ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች ይገኙባቸዋል። እነዚያን ሰዎች በጥፋት የሚወቅስ አይኖርም፤ ያደጉበትን ነው ያደረጉት። ዳገቱ ገና እየተንቀሳቀሰ መሆኑን የሚመለከትና «ቁሙ» የሚል ሰው አስቀድሞ መመደቡ ግን በልምምድ ብቻ የሚለመድ ነገር ነው።

ስለዚህ ቀበሌው ከሁሉ በፊት የሚወስነው ምልክቱን ነው። የዕድር ጡሩንባ ሲነፋ ሰው የሚያስበው ለቅሶ ነው፤ ነጠላውን ለብሶ ወደ ሟች ቤት ይሄዳል። የቤተ ክርስቲያን ደወልም፣ የመስጊድ አዛንም የየራሳቸው ጥሪ አላቸው። «ኑ» የሚለውና «ሽሹ» የሚለው ድምፅ መለየት አለባቸው። ሞባይል ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ባትሪው ሊያልቅ፣ ኔትወርኩም በዝናብ ሊጠፋ ይችላል። የሽሹ ምልክት በቆርቆሮ ምት ይሁን በፊሽካ፣ ሕፃን ልጅ ሳይቀር ሰምቶ መለየት ይኖርበታል። የሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት በየአሥር ቀኑ የሚያወጣው ትንበያ «ከመደበኛ በላይ» ሲል፣ ለወረዳው ትርጉም የሚኖረው ከላይ በደጋው ያለው ቀበሌ ወንዙ ሲሞላ ለታችኛው ደውሎ የሚናገር ሰው ከመደበ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ከብት ነው። ዕቅድ አውጪዎች ብዙ ጊዜ ሰውን ቆጥረው ከብቱን ይረሳሉ። የፎገራ ላም በወተቷ የታወቀች ናት፤ ጥማድ በሬ ደግሞ የሚቀጥለው ዓመት እርሻ ነው። «ሕይወትህን አድን፣ ከብቱን ተው» የሚባል አርሶ አደር በአንገቱ ይነቀንቃል እንጂ አይወጣም። ሚስቱንና ልጆቹን ይልካል፤ እርሱና ታላቁ ልጅ ከበረቱ ጋር ይቀራሉ።

ባንግላዴሽ ይህንን ዋጋ ከፍላ ተምራዋለች። እ.ኤ.አ. በ1970 ቢያንስ 300 ሺህ ሰው እንደገደለ ከሚገመተው አውሎ ነፋስ በኋላ በጎ ፈቃደኞችን አደራጀች፤ ዛሬ ከ70 ሺህ በላይ ሲሆኑ ግማሽ ያህሉ ሴቶች ናቸው። በባንዲራና በድምፅ ማጉያ ያስጠነቅቃሉ፣ በየጊዜውም ከሕዝቡ ጋር ይለማመዳሉ። ከሰው መጠለያው ሌላ አፈር ተቆልሎ የተሠራ፣ ከብት የሚወጣበት ጉብታም አለ። አፈር ለመቆለል ደግሞ እኛ ዘንድ ደቦ አለ፤ በበጋው ወራት ሊሠራ የሚችል ነው።

ልምምዱ መቼ ይሁን? በግንቦት አጋማሽ፣ እርሻ በማይታረስበት የወር በዓል ቀን ቢሆን ሰው ይገኛል። አንድ ማሳሰቢያ ግን አለ፦ በበጋ የተሄደ መንገድ አያስተማምንም። የሜዳው ዋልካ አፈር በሐምሌ እግር ይይዛል፤ ደረቅ ሳለ በሩጫ የታለፈው መስክ ያን ጊዜ ሽማግሌና ነፍሰ ጡር የሚቆምበት ይሆናል። መንገዱን በሐምሌ ደግሞ መሄድ የግድ ነው። ቢቻል አንዱ ልምምድ በምሽት ይሁን፤ የደቻቱ ጎርፍ ሰው ተኝቶ ሳለ ነው የደረሰው።

በዕለቱ የሚታየው ብዙ ነው። መራመድ የማይችሉትን በቃሬዛ የሚያነሱት እነማን እንደሆኑ በስም ይታወቃል። በሬዎቹን የሚነዳው ልጅ ትምህርት ቤት ከሆነ ማን ይተካዋል? ለዘር የተቀመጠው ጤፍና ሩዝ ከጎተራው ታች ነው ወይስ በጆንያ ታስሮ ከቆጥ ላይ? ወደ ከፍታው የሚወስደው ድልድይ ከብትና ሰው አብሮ ያሳልፋል? መልሱ «አያሳልፍም» ከሆነ፣ ወረዳው በዚያው ዕለት ማወቁ ነሐሴ ላይ ከማወቁ ይሻላል።

ከልምምዱ ማግስት በተሠራው ላይ ሲነጋገሩ የሚነሣና በቢሮ ዕቅድ ላይ ብዙም የማይገኝ ሌላ ጥያቄ አለ። ሰው ወጥቶ መንደሩ ባዶ ሲሆን ቤቱን ከሌባ የሚጠብቀው ማን ነው? ይህ ካልተመለሰ ከየቤቱ አንድ ሰው መቅረቱ አይቀርም። ሚሊሻው፣ የልማት ቡድኑና የቀበሌው አስተዳደር ተራ ይዘው ውሃው ከማይደርስበት ጠርዝ እንዲጠብቁ፣ ተራውም ገና ከግንቦት በስም ተጽፎ ለሕዝቡ እንዲነበብ ማድረግ የቀበሌው ሥራ ነው።