ቦሌና ሦስቱ ክፍሎቹ

ክብ ሆኖ የታነጸ የአገራችን ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማሕሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተብሎ በሦስት እንደሚከፈል፣ ወደ ውስጥ በተዘለቀ መጠንም የሚገባው ሰው ቁጥር እያነሰ እንደሚሄድ የሚያውቅ መንገደኛ፣ የቦሌን ዓለም አቀፍ የአይሮፕላን ማረፊያ ሲያይ ሕንጻው አዲስ ቢሆንበትም ሥርዓቱ እምብዛም እንግዳ አይሆንበትም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያ በረራውን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲያደርግ፣ አዲስ አበባ የነበራት ማረፊያ የልደታ ሜዳ ነበረ። ያ ሜዳ ለጄት አይሮፕላን የማይበቃ ስለ ሆነ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ቦሌ ተሠራ፤ በ1995 ዓ.ም. አዲስ የመንገደኞች ሕንጻ ተጨመረለት፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ይኸው ሕንጻ እጅግ ሰፋ።

የመንገደኛው ፈተና የሚጀምረው ግን ከቤቱ ሳይወጣ፣ ትኬቱን ሲያነብ ነው። ትኬቱ «ማክሰኞ 00:30» ቢል፣ ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ የሚቈጥር የፈረንጅ ሰዓት ነውና፣ በእኛ አነጋገር ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ማለት ነው፤ ይህን ሳያስተውል ማክሰኞ ማታ ሻንጣውን አስጭኖ የሚመጣ ሰው አይሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው።

ወደ ሕንጻው የሚዘልቀው ተጓዡ ብቻ ስለ ሆነ፣ ሊሸኝ የመጣው ቤተ ዘመድ ከደጀ ሰላም ይቀራል። በበሩ ላይ ፍተሻ አለ፤ ጫማ ማውለቁ ለቤተ ክርስቲያን ሰው የታወቀ ሲሆን፣ ቀበቶን ፈትቶ ሱሪን በእጅ ይዞ መቆም ግን ሌላ ሥርዓት ነው። በቅኔ ማሕሌቱ ዋናው ሹም ሚዛን ነው። ወደ አሜሪካ ለሚሄድ ተራ መንገደኛ ለአንድ ሻንጣ የተወሰነው 23 ኪሎ ስለ ሆነ፣ ሽሮው፣ በርበሬውና በሶው፣ ከጎረቤት የመጣው አደራም ጭምር፣ በሰው ፊት ተዘርግፎ ዳግመኛ ይመረጣል። ሸኚዎቹም ተሳስመው ከተለያዩ በኋላ ቶሎ የማይሄዱበት ምክንያት ይኸው ነው፤ ሚዛን ያልተቀበለው አደራ ተመልሶ ቢወጣ የሚረከብ ሰው ያስፈልጋልና።

በቅድስቱ የኢሚግሬሽን ሠራተኛ ፓስፖርቱን አገላብጦ ማኅተም ሲያሳርፍበት፣ ተጓዡ እግሩ ገና የአገሩን መሬት እንደ ረገጠ በሕግ ከአገሩ ወጥቷል። ከሁለተኛው ፍተሻ ወዲያ ያለው የመሳፈሪያ ስፍራ እንደ መቅደስ ነው፤ ይሁንና ጸጥታ የለውም፤ ከሌጎስ ወደ ጓንግዡ የሚያልፈው ነጋዴና ወደ ዐረብ አገር ለሥራ የምትሄደው ልጃገረድ በአንድ ወንበር ጎን ለጎን ተቀምጠው ያንቀላፋሉ።

ሚዛንን የሚፈራው መንገደኛው ብቻ አይደለም። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ደጋ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ስስ አየር ክንፍን አጥብቆ አይደግፍም፣ ለሞተርም የሚበቃ እስትንፋስ አይሰጥም፤ ስለዚህ አይሮፕላኑ ረጅም መንገድ መንደርደር አለበት፣ መንደርደሪያውም 3,800 ሜትር ያህል ነው። ወደ ዋሽንግተን የሚሄደውም ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ ከዚህ ደጋ መነሣት ስለሚከብደው ብዙ ጊዜ በመንገድ አርፎ ነዳጅ ይቀዳል፤ ሲመለስ ግን ከዝቅተኛው ምድር ተነሥቶ በአንድ በረራ ይደርሳል።

በውጭ የቀሩት ዘመዶች ያን የመንደርደር ጩኸት ከጨለማው ውስጥ ይሰማሉ፤ አንዱ ሄዶ ሌላው ሲከተል የትኛው የእነርሱ እንደ ሆነ አይለዩም፤ ጥቂት ቆይተው፣ ሚዛን የመለሰውን በርበሬ ይዘው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።