ታሪክ ተምሮ ምን ይበላል?

የ12ኛ ክፍል ውጤት በተሰማ ሰሞን በየቤቱ አንድ ክርክር ይነሳል። ልጅ የሚወደውን ትምህርት ይጠራል፤ ወላጅ «ሥራ የሚገኝበትን ተማር» ይላል። ክርክሩ አዲስ አይደለም። ሆኖም በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ብሔራዊ ፈተናውን ከወሰዱት ውስጥ ሃምሳ ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ መሆናቸውን ያየ ቤተሰብ፣ ልጁ ሲያልፍለት ዕድሉን እንደ ዓይኑ ብሌን ቢጠብቅ አይፈረድበትም።

እሪ በከንቱ ተወልደው ያደጉ አንድ አባት ዓምና ይህንኑ ጉዳይ ይዘው መጡብን። ፒያሳ የነበረች ሱቃቸው በ2016 ዓ.ም. ለልማት ከፈረሰች ወዲህ መርካቶ ውስጥ ጥግ ይዘው የሚሠሩ ናቸው። (የሰፈራቸው ስም እንደሚለው ጮኸው ሰሚ እንዳያጡ ብለን በጥሞና አዳመጥናቸው።) ልጃቸውን ከመድረሳ ጀምሮ እናውቀዋለን፤ ዐረብኛውን አጣርቶ ያነባል፤ የቀደምት ሰዎችን ታሪክ ካገኘ ምግብ ይረሳል። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ታሪክ አጠናለሁ ብሏል።

«ኡስታዝ፣ እስቲ እርስዎ ይምከሩልኝ፤ ታሪክ ተምሮ ምን ይበላል? አካውንቲንግ ቢማር እኮ ነገ ሱቁንም ይይዝልኛል» አሉን።

ጥያቄያቸው የሚናቅ አይደለም። ከልጁ በታች ሦስት ታናናሾች አሉ፤ ኪራይ በየጊዜው ይጨምራል። ወላጅ በልጁ ላይ ሐቅ አለው፤ «ዝንባሌዬ ነው» ብሎ ቤተሰብን ጦም ማሳደር የዲናችን መንገድ አይደለም።

ግን ሥራ የሚገኝበት ትምህርት የምንለው የቱ ነው? እንደሚታወቀው ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ለዓመታት፣ ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት ሰባ ከመቶው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲመደቡ ይደረግ ነበር። ያኔ «ኢንጂነሪንግ ግባ» ያልተባለ ልጅ አልነበረም። ብዙም ሳይቆይ ዲግሪ ይዘው ኮብልስቶን የሚያነጥፉ ወጣቶችን በየመንደሩ አየን። ሐኪም ሥራ አያጣም ይባል ነበር፤ እሱም ሥራ ፍለጋ ሲንከራተት ታየ። ልጅ የሚመረቀው ከአራትና ከአምስት ዓመት በኋላ ነው፤ ወላጅ የሚመክረው ግን ዛሬ በሚያየው፣ ብዙ ጊዜም ትናንት ባየው ገበያ ነው። ሪዝቅ በአላህ (ሱ.ወ.) እጅ ነው እያልን የነገውን ገበያ ግን እኛ የምናውቀው ይመስለናል።

ኢማም አል-ገዛሊ (ረሒመሁላህ) ከዘጠኝ መቶ ዓመት በፊት «ኢሕያእ ዑሉሙ-ድ-ዲን» በተሰኘው ኪታባቸው ይህን የመሰለ ነገር ታዝበዋል። በዘመናቸው ሰው ፊቅህ ለመማር ሲጋፋ፣ ሙስሊም ሐኪም የሌለበት ከተማ ብዙ ነበር። ሕክምናም ፈርዱ ኪፋያ ነው፤ የሚበቃ ሰው ካልተገኘ ሁሉም ይጠየቅበታል። ታዲያ ሰው ለምን ወደ አንዱ ብቻ ተጋፋ? ፊቅህ የወቅፍ አስተዳዳሪነትን፣ የየቲም ገንዘብ ጠባቂነትንና የቃዲነት ሹመትን ስለሚያስገኝ ነው ይሉናል። ልብ በሉ፤ በእሳቸው ዘመን «ሥራ የሚገኝበት» ፊቅህ ነበር፤ የተተወው ሕክምና ነበር! ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። ባዶ የቀረው ቦታ የቱ ነው የሚለው ጥያቄ ግን ያው ነው።

ለአገራችን ሙስሊም አንዱ ባዶ ቦታ ታሪክ ነው። ከእሪ በከንቱ በእግር በሚደረስበት ስድስት ኪሎ፣ በ1955 ዓ.ም. በተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ውስጥ የዐረብኛ የእጅ ጽሑፎች አሉ። በወሎና በሐረር በየዓሊሙ ቤት ያሉትማ ቁጥራቸውን አላህ ይወቀው። ዐረብኛውንና የታሪክ ሙያውን አጣምሮ የያዘ ሰው ግን ጥቂት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የአይሁድን ጽሕፈት እንዲማር ያዘዙት ወጣቱን ዘይድ ኢብን ሣቢትን (ረ.ዐ.) ነበር፤ ግማሽ ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ እንደተማረው ተዘግቧል። ሥራው አስፈላጊ ነበር፤ ልጁም ለዚያ የተመቸ ነበር።

ወጣቶችም ብትሆኑ ስሜትንና ዝንባሌን ለዩ። ፊልም አይቶ ጠበቃ መሆን ያማረው ልጅ ፊልሙ ሲያልቅ ይተወዋል። ማንም ሳያዛችሁ የምትሠሩት፣ አሰልቺው ክፍል ሲመጣም የማትጥሉት የቱ ነው? ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት የጋራ መሆኑ ለዚህ ፋታ ይሰጣል። ኢስቲኻራም ልብ ከወሰነ በኋላ ሕልም ለመጠበቅ የሚሰገድ አይደለም፤ ሙያውን የሚያውቁትን እያማከሩ የሚሰገድ ነው።

ለአባትየው ኢማም አቡ ሐኒፋን (ረሒመሁላህ) አነሳንላቸው፤ የኩፋ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ ዒልም ስለያዙ ንግዳቸውን አልተዉም። «ልጁ ታሪክ ይማር፤ ክረምት ክረምት ሱቅ ይዋል፤ የሒሳብ መዝገብ አያያዝም በጎን ይማር» አልናቸው። በአንድ ቃል አልተረቱም፤ «የመጀመሪያውን ዓመት እንየው» ብለው ሄዱ።

ዘንድሮ ክረምቱን ልጁ ሱቅ ውሏል። አባትየው ሲያገኙን ከባንኮኒው ሥር ኪታብ ደብቆ እንደሚያነብ በቅሬታ ነገሩን፤ ሒሳቡ ግን አንድ ቀን እንኳ አልጎደለም።