ከሚወረወረው ሳንባ ተጠንቀቁ

በሐረሩ የጊደር መጋላ ገበያ ዙሪያ ግቢ ለግቢ እየዞርኩ ውሻ ሳክም በተደጋጋሚ የምጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ «ይቺ ትንሽ ክልስ ውሻ የሐረር አየር አልተስማማትም መሰለኝ?» መልሴን ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የምሰጠው፤ ሥጋ ሻጩ ጎረቤት ነውና። አየሩ ተስማምቷታል። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች፣ ለጠጉራም ውሻ የምትመች ከተማ ናት። ትንሿን ውሻ የሚጥላት ከገበያው ተገዝቶም ሆነ ተለምኖ የሚመጣላት ምግብ ነው።

ከግዢው እንጀምር። ሻጮች ቡችላዋን «ሦስት ወር ሞልቷታል፣ ክትባቷንም ጨርሳለች» ይሏችኋል። አፏን ክፈቱና እዩ። ቡችላ በሁለት ወሯ 28ቱን የወተት ጥርሶቿን ይዛ መገኘት አለባት። ጥርሷ ገና እየወጣ ከሆነ ከእናቷ የተለየችው ያለጊዜዋ ነው። ሆዷንም ዳብሱ። ጎኗ ከስቶ ሆዷ ብቻ ከተነፋ ብዙውን ጊዜ ትል ነው፤ ሻጩ ግን «ጠግባ ነው» ይላል። ክትባት ወስዳለች ካሏችሁ የክትባቱ ስም፣ ቀኑና የሐኪሙ ፊርማ ያለበት ካርድ ጠይቁ። ካርድ ከሌለ እንዳልተከተበች ቁጠሩት። «ክልስ በሽታ አይነካውም» የሚለውንም አትመኑ፤ ፓርቮ የሚባለው የተቅማጥ በሽታ ያልተከተበ ቡችላን ክልስ ነው ብሎ አይምርም።

አሁን ወደ ዋናው ምስጢር ልግባ። በቄራ የሥጋ መርማሪ በበግ፣ በፍየል፣ በበሬ ወይም በግመል ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት ሲያገኝ ያን ክፍል ለይቶ ያስወግዳል። ግቢ ውስጥ የሚታረድ ከብት ግን መርማሪ የለውም። በዚያ ጊዜ ሳንባው ለማን ይወረወራል? ለውሻ። በእብጠቱ ውስጥ የኢኪኖኮከስ ትል እጮች አሉ። ውሻዋ ጥሬውን ከበላች እጮቹ አንጀቷ ውስጥ ያድጋሉ፤ ከስድስት ወይም ከሰባት ሳምንት በኋላም እንቁላላቸው ከዓይነ ምድሯ ጋር መውጣት ይጀምራል። ትሉ ርዝመቱ አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ውሻዋም አትከሳም፣ አታስልም፤ ደህና መስላ ትዞራለች። ብዙ ቤተሰብ የሚዘናጋውም በዚህ ነው።

ትንሽ ውሻ ከትልቁ የግቢ ጠባቂ ይልቅ የምታሰጋኝ ስለዚህ ነው። ትልቁን ልጆች አያቅፉትም፤ ትንሿን ግን ያቅፏታል፣ ፊታቸውንም ትልሳቸዋለች። ጠጉሯ ላይ የቀረው እንቁላል በልጁ እጅ ወደ አፉ ይገባል፤ ከዚያም በጉበቱ ወይም በሳንባው ውስጥ ውሃ የቋጠረ እብጠት እየሆነ ለዓመታት ሳይታወቅ ያድጋል። ብዙ ጊዜ መጨረሻው ቀዶ ሕክምና ነው። መከላከያው ግን ቀላል ነው። ሳንባና ጉበት ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ሳይፈላ ለውሻ አይሰጥ፤ እብጠት ያለበት ደግሞ ከነጭራሹ ይቀበር ወይም ይቃጠል። ጥሬ የሆድ ዕቃ ለለመደች ውሻ ፕራዚኳንቴል የሚባለውን መድኃኒት በየስድስት ሳምንቱ ስጧት፤ መጠኑን ሐኪሙ በክብደቷ ይወስነዋል።

ከማዕድ የተረፈ ወጥም ይቅርባት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ፤ አምስት ኪሎ ለምትመዝን ውሻ ትንሹም ብዙ ነው። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት እየተሰነጠቀ አንጀት ይወጋል። የቡና አተላ ካፌይን ስላለው ደጅ ላይ አትድፉት። ያለ ቅመም የተቀቀለ ሥጋ ከሩዝ ጋር፣ በቀን ሁለቴ፣ ንጹሕ ውሃም ሁልጊዜ። ጥርሷ በትንሽ መንጋጋ ላይ ተጨናንቆ ስለሚበቅል ቶሎ ይቆሽሻል፤ በለስላሳ ብሩሽ አጽዱላት፤ የሰው የጥርስ ሳሙና ግን አይነካት።

በሐረሪ ቤት ውሻ ነደባው (ከፍ ያለው የመቀመጫ መደብ) ላይ አትወጣም። የሻፊዒ ሥርዓት የውሻ ምራቅ የነካውን ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ ከሰባቱም አንዱን በአፈር ማጠብን ያዛል። ይህን እንደ ጥላቻ የሚያዩት ተሳስተዋል፤ በዚያው ሃይማኖት የተጠማ ውሻ ማጠጣት ምንዳ አለው። ለእሷ ብቻ የሚሆን ሳህንና በግቢው ውስጥ የተከለለ ማደሪያ ስጧት፤ ንጽሕናውም ጤናውም ይጠበቃል። ማደሪያው በር ይኑረው፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን በተሠራው የከተማዋ ቅጥር፣ በጁገል ግንብ ቀዳዳዎች ጅቦች በሌሊት ይገባሉና፣ መሽቶ ደጅ የቀረች ትንሽ ውሻ አትተርፍም።

በመጨረሻም የእብድ ውሻ በሽታ። በዓለም ላይ ይህ በሽታ ከያዛቸው ሰዎች እስከ 99 በመቶ የሚሆኑት የተያዙት ከውሻ ነው፤ ምልክቱ ከታየ በኋላም የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ያኔ መድኃኒት ፍለጋ መሮጥ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ውሻዋን በሦስት ወሯ አስከትቡ፤ በየዓመቱም አሳድሱ። «ከግቢ አትወጣም» አትበሉ፤ በሌሊት ወደ ግቢው የሚመጣውን እናንተ አትቆጣጠሩትም። ሰው ከነከሰች ቁስሉን ወዲያውኑ በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥባችሁ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ውሻዋን ለማሳከም የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ከሐረር 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለቤተሰብ ጤና ሩቅ አይባልም።

ነገ ከጊደር መጋላ ሥጋ ስትገዙ «ለውሻዋ» ተብሎ የሚመረቅላችሁን ሳንባ አትቀበሉ፤ ከተቀበላችሁም ሳታፈሉ አትስጧት።