ቤተሰብህ ስንት መክፈል ይችላል?

እርዳታ ፈልጎ ወደ አሜሪካ ኮሌጅ ስለማመልከት

አንድ ተማሪ ወደ አሜሪካ ሊያመለክት ነው ሲባል መጀመሪያ የሚጠየቀው «ኤስ.ኤ.ቲ ስንት አመጣህ?» ነው። ቀጥሎ «ኤሴይህን ማን አየልህ?» ይባላል። ቤተሰብህ በዓመት ስንት ዶላር መክፈል ይችላል ብሎ የሚጠይቅ ግን አላጋጠመኝም። እኔ 12ኛ ክፍል ሳለሁ፣ በ2015 ዓ.ም.፣ ለ8 ኮሌጆች አመልክቼ አንዱ ተቀብሎኝ ነበር። ዛሬ እንደምታዩኝ እዚሁ አካውንቲንግ 3ኛ ዓመት ነኝ። ያስቀረኝ ውጤቴም እንግሊዝኛዬም አይደለም፤ ለዚያች ሦስተኛ ጥያቄ የሞላነው ቁጥር ነው። ስለዚህ ታናናሽ ወንድምና እህት ላላችሁ፣ ወይም ራሳችሁ ለምታስቡበት፣ የእርዳታውን አሠራር የገባኝን ያህል ላስረዳ።

ከቃሉ እንጀምር። እኛ «ስኮላርሺፕ» ስንል ለጎበዝ ተማሪ የሚሰጥ ሽልማት ማለታችን ነው። ብዙ ሰው የሚሻማባቸው የአሜሪካ ኮሌጆች ግን ነገሩን በአብዛኛው እንደዚያ አያዩትም። ሃርቫርድ፣ ዬልና ፕሪንስተን ያሉበት የአይቪ ሊግ 8ቱም ዩኒቨርሲቲዎች ለጉብዝና ብቻ ብለው የሚሰጡት ገንዘብ የለም። የሚሰጡት በችግር ልክ ነው። ስሌቱም ተራ ቅናሽ ነው፦ ከዓመቱ ጠቅላላ ወጪ ላይ ቤተሰብ መክፈል የሚችለው ይቀነሳል፤ የቀረው «ኒድ» ይባላል። ጠቅላላ ወጪ ማለት የትምህርቱ ክፍያ፣ መኝታው፣ ምግቡ፣ መጽሐፉና ሌላውም ተደምሮ ሲሆን ዛሬ በታወቁት የግል ኮሌጆች በዓመት 90,000 ዶላር አካባቢ ደርሷል።

የአሜሪካ መንግሥት የራሱ የተማሪ እርዳታ አለው፤ ፋፍሳ በሚባል ፎርም ይጠየቃል። እሱ ግን በዋናነት ለዜጎችና ግሪን ካርድ ላላቸው ነው። በዲቪ የሄደ የጎረቤታችሁ ልጅ ሊሞላው ይችላል፤ ከዚህ ሆኖ የሚያመለክት አይችልም። ለእኛ ዓይነቱ አመልካች የሚሰጠው ገንዘብ ብዙውን ጊዜ ከኮሌጁ ከራሱ ካዝና የሚወጣ ነው፤ ካዝናው ደግሞ ልክ አለው።

በዚህ የተነሳ ኮሌጆቹ የውጭ አገር አመልካችን የሚያዩበት መንገድ ሁለት ዓይነት ነው። ጥቂቶቹ «ኒድ ብላይንድ» ናቸው፤ ተማሪውን ሲመርጡ እርዳታ መጠየቁን ከቁጥር አያስገቡም። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤም.አይ.ቲ እና አምኸርስት ከቆዩት ውስጥ ናቸው። ዳርትመዝና ቦውደን እ.ኤ.አ. በ2022 ተቀላቀሉ፤ ብራውን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2025 ከገቡት ተማሪዎች ጀምሮ። ሌሎቹ፣ ማለትም አብዛኞቹ፣ «ኒድ አዌር» ይባላሉ፤ ሲመርጡ ገንዘቡንም ያያሉ። ስታንፎርድን የመሰለ ሀብታም ዩኒቨርሲቲ እንኳ ለውጭ አገር ተማሪ ኒድ አዌር ነው። ከእነዚህ መካከል እንደ ዊሊያምስ፣ ስዋርዝሞርና ፖሞና ያሉት አንዴ ከተቀበሉ የጎደለውን በሙሉ ይሸፍናሉ። የማይሸፍኑም አሉ፤ ተቀብለው ክፍተቱን ለቤተሰብ ይተዉታል።

እንግዲህ ፈተናው እዚህ ላይ ነው። በኒድ አዌር ኮሌጅ ትንሽ ገንዘብ የሚጠይቅ ተማሪ ብዙ ከሚጠይቀው የተሻለ ዕድል አለው። ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያውስ የምንከፍለውን ከፍ አድርገን እንጻፍ፣ ከገባ በኋላ እግዜር ያውቃል» ይላል። እኛም ያልነው ይህንኑ ነው። ኒድ ብላይንድ የሆኑት ጋ ደግሞ ማስመሰል ምንም አይጠቅምም፤ ችግሩ እነ ሃርቫርድና ኤም.አይ.ቲ ከ100 አመልካች ከ5 ያነሰ ነው የሚቀበሉት። ስለዚህ ሁሉም ሰው ሁለቱንም ዓይነት ቀላቅሎ ያመለክታል፣ ግን ለሁሉም የሚሄደው የቤተሰብ ታሪክ አንድ ነው።

ያ ታሪክ የሚጻፈው በአብዛኛው ሲ.ኤስ.ኤስ ፕሮፋይል በሚባል የኮሌጅ ቦርድ ፎርም ላይ ነው። የመጀመሪያው ኮሌጅ 25 ዶላር፣ ከዚያ በኋላ ያለው እያንዳንዱ 16 ዶላር ያስከፍላል፤ ለ8 ኮሌጅ 137 ዶላር መሆኑ ነው። በዶላር የሚከፍል ካርድ ስላልነበረን ቨርጂኒያ ያለው አጎቴ ከፈለልኝ። (ኮሌጆቹን በኢሜይል ብጠይቅ አንዳንዶቹ ክፍያውን የሚያስቀር ኮድ፣ ሌሎቹ የራሳቸውን ነፃ ፎርም ይሰጡ እንደነበር ያወቅኩት በኋላ ነው። የኮመን አፕ ማመልከቻ ክፍያንም ማስቀረት ይቻላል። መጠየቅ አያሳፍርም።)

ፎርሙ የወላጆችን ደመወዝ፣ የንግድ ገቢ፣ ቤት፣ መኪና፣ የባንክ ተቀማጭ፣ የልጆች ብዛት፣ ሁሉንም በብር ይጠይቃል። አባቴ ደሴ አስተማሪ ነው፤ ያኔ ደመወዙ በወር 9,000 ብር ነበር። ይኸ ቀላል ነው፣ ከትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ተጽፎለት ተተረጎመ። እናቴ ግን ትንሽ ሱቅ አላት። የምትከፍለው ቁርጥ ግብር ነበር፤ የሒሳብ መዝገብ የላትም። ያላት የዱቤ ደብተር ነው። «እማዬ፣ በቀን ስንት ትሠሪያለሽ?» አልኳት። «1,500 ብር አላጣም» አለችኝ። እኔም በ300 ቀን አባዝቼ 450,000 ብር የንግድ ገቢ ብዬ ሞላሁ።

የዲፓርትመንታችን ልጆች አሁን እየሳቃችሁ እንደሆነ ይገባኛል። እኔ ስህተቴ የገባኝ 1ኛ ዓመት ላይ የፕሪንስፕልስ ክላስ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው፤ መምህራችን ሽያጭና ትርፍን ሲለዩ ጆሮዬ ጋለ። እናቴ ከ100 ብር ሽያጭ 10 ብር ከተረፋት ጥሩ ቀን ነው። እውነተኛው የሱቁ ገቢ በዓመት 45,000 ብር ቢሆን ነው። የአባቴ 108,000 ሲጨመርበት 153,000 ብር፤ በጊዜው በነበረው የባንክ ምንዛሪ፣ በ53 ብር ገደማ ሲካፈል፣ 2,900 ዶላር አይሞላም። እኔ የላክሁት ግን ከ10,500 ዶላር በላይ ይላል። ማንም አልዋሸም፣ ቃል ተምታታብን እንጂ።

ቀጥሎ ያለው ግን የቃል ስህተት አይደለም። «ቤተሰብ በዓመት ስንት ይከፍላል?» የሚለው ጋ ስንደርስ አባቴ ዜሮ መጻፍን እንቢ አለ። «ሰው ፊት ባዶ እጃችንን አንቆምም» አለ። 3,000 ዶላር አጻፈኝ፤ ከዓመት ገቢያችን ሁሉ የሚበልጥ መሆኑን ያን ቀን አንዳችንም አላሰላነውም። ከዘመድ የሚለው ቦታ ላይ ደግሞ አጎቴን በስልክ አማከርነው። «12,000 በልና ጻፍ፣ እኔ አለሁ» አለ። ድምሩ 15,000።

በመጋቢት መጨረሻ 7ቱ «አዝናለሁ» ሲሉ አንዱ ኒድ አዌር ኮሌጅ ተቀበለኝ። ወጪው 78,000 ዶላር ነው፤ 60,000 ከኮሌጁ፣ 3,000 ግቢ ውስጥ ሠርቼ የማገኘው፣ የቀረው ራሳችን ያልነው 15,000። አንድም ዶላር አላጎደሉም፣ አልጨመሩም። ቤታችን ሠርግ ሆነ።

መልስ መስጫው ሚያዝያ 23፣ በእነሱ ሜይ 1 ነበር። ከዚያ በፊት የገንዘብ ማረጋገጫ ቅጽ ላኩልን። ለተማሪ ቪዛ የሚያስፈልገውን አይ-20 የሚባል ወረቀት ለመስጠት ኮሌጁ ቢያንስ የመጀመሪያው ዓመት ገንዘብ መኖሩን በማስረጃ ማየት አለበት። ከእያንዳንዱ ሰጪ ፊርማና የባንክ ወረቀት ይፈለጋል። አጎቴ ሦስት ልጆች አሉት፤ ታክሲ እየነዳ የቤት ዕዳ ይከፍላል። «ጋሼ፣ ፊርማው ለ4 ዓመት ነው» ስለው ዝም አለ። ቆይቶ «የኔ ልጅ፣ እኔ እኮ ልሞክር ነው ያልኩት» አለኝ። አልተቀየምኩትም። 137 ዶላሩንም የከፈለው እሱ ነው።

ለኮሌጁ ጻፍኩ፤ ቁጥራችን ስህተት ነበር፣ እንደገና ይታይልን አልኩ። የመጣው መልስ ትሁት ነበር፦ የውጭ አገር ተማሪ እርዳታ የሚወሰነው ከቅበላው ጋር አብሮ ነው፣ በኋላ አይከለስም። ብዙ ኒድ አዌር ኮሌጆች ዘንድ ደንቡ ይኸው ነው። ስንቀበልህ ሊወጣብን የሚችለውን አስልተን ነው ማለታቸው ነው፤ እንደ ሒሳብ ሠራተኛ ሳስበው ጥፋት አላገኝባቸውም። እንደ ልጅ ግን ለብዙ ጊዜ አበሳጭቶኛል።

ታዲያ እውነተኛውን ቁጥር ጽፈን ቢሆን ያ ኮሌጅ ይቀበለኝ ነበር? ምናልባት አይቀበለኝም። ልዩነቱ፣ ሚያዝያ ላይ ሳይሆን አስቀድሜ ሌላ ዓይነት ዝርዝር አወጣ ነበር፤ ኒድ ብላይንድ የሆኑትንና የጎደለውን በሙሉ የሚሸፍኑትን ብቻ። ከእነዚህ ዘንድ ዜሮ መጻፍ እንደ ልመና አይቆጠርም፤ በየዓመቱ የሚያዩት ቁጥር ነው። ከማይሸፍኑት ዘንድ ግን የእኛ ዓይነት ቤተሰብ ማመልከቻ የፖስታ ወጪ ነው።

ስለ ምንዛሪም አንድ ነገር። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብርን አልፏል። ያው ደመወዝ በዶላር ግማሽ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ በየትኛው ቀን ምንዛሪ እንዳሰላችሁ በማብራሪያው ቦታ ጻፉት። ቁጥሩ በፎርሙ፣ በአይ-20ው እና በቪዛ ኢንተርቪው ላይ አንድ መሆን አለበት፤ ቆንስሉ «ማን ነው የሚከፍለው?» ማለቱ አይቀርም። ኧርሊ ዲሲዥን የሚባለው ደግሞ ከተቀበሉህ ለመግባት ቃል የሚያስገባ ነው፤ ሆኖም እርዳታው ካልበቃ መተው ይፈቀዳል።

ፈተናውን በተመለከተ፣ ከኮቪድ በኋላ ብዙዎቹ ኤስ.ኤ.ቲን ትተው ነበር። ኤም.አይ.ቲ እ.ኤ.አ. በ2022፣ እነ ዳርትመዝ፣ ብራውንና ሃርቫርድ በ2024 መልሰው እንደሚጠይቁ አስታውቀዋል። ብሔራዊ ፈተናችን ለዚህ አይደርስም፤ ውጤቱ የሚወጣው የማመልከቻው ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው። የሚያዩት የ4 ዓመቱን ትራንስክሪፕትና የመምህራንን ደብዳቤ ነው።

እህቴ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት። ባለፈው ደሴ ስሄድ ፎርሙን አብረን ሞላን። የእናቴን የዱቤ ደብተር ገጽ በገጽ ሄድንበት፤ የገዛችበትን፣ የሸጠችበትን፣ ያልተከፈላትን ለያየን። ትርፉን ስነግራት «ይኸን ያህል ነው እንዴ ስደክም የኖርኩት?» አለች። አባቴ የወላጅ መዋጮ የሚለው ቦታ ላይ የጻፍነውን አይቶ መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። ስለ 3,000 ዶላሩ አንስቶ አያውቅም። እስክሪብቶ ተቀብሎኝ ፈረመ።