ክላሲካል የእንቅልፍ ሙዚቃ ነው ያለው ማነው? በክፉ ቀን የተፈጠሩ 4 ሥራዎች

ዩቲዩብ ላይ ገብታችሁ «ክላሲካል ሙዚቃ» ብላችሁ ፈልጉ። ከሚመጡላችሁ ውስጥ ብዙዎቹ «ለጥናት»፣ «ለእንቅልፍ»፣ «ለጭንቀት ማስታገሻ» የሚሉ የብዙ ሰዓት ቪዲዮዎች ናቸው። እኛ ሀገር ደግሞ ግጥም የሌለው ሙዚቃ ሁሉ «ክላሲካል» ይባላል። ካፌ ውስጥ በለሆሳስ ይከፈታል፣ ሬዲዮ ላይ በፕሮግራም መሃል ይገባል፣ ማንም ግን ጆሮ አይሰጠውም።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ከትልልቆቹ ሥራዎች ብዙዎቹ ሰው እንዲተኛባቸው የተጻፉ አይደሉም። እኔ ደጋግሜ ከምሰማቸው 4ቱን መርጫለሁ። ከጀርባቸው መደንቆር፣ እስር፣ ረሃብ እና ስደት አለ። ይህን አውቃችሁ ስትሰሙ ሙዚቃው ሌላ ነው የሚሆነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

1. ቤትሆቨን፦ 3ኛው ሲምፎኒ፣ «ኢሮይካ»

ሲምፎኒ ማለት በቀላሉ ለሙሉ ኦርኬስትራ የሚጻፍ፣ አብዛኛውን ጊዜ 4 ክፍል ያለው ረጅም ሥራ ነው።

በጥቅምት 1802 ቤትሆቨን 31 ዓመቱ ነበር፤ ጆሮው እየከዳው ነው። ያኔ ከቪየና ወጣ ብላ ትገኝ በነበረች ሃይሊገንሽታት በምትባል መንደር ተቀምጦ ለወንድሞቹ ደብዳቤ ጻፈ። ሙዚቀኛ ሆኖ «አልሰማም፣ ጮክ በሉ» ማለት እንዳሳፈረው፣ ራሱን ለማጥፋት እስከማሰብ እንደደረሰ፣ የያዘው ሙያው ብቻ እንደሆነ ነገራቸው። ደብዳቤውን ግን አልላከውም። የተገኘው በ1827 ከሞተ በኋላ ነው።

ከዚያ ደብዳቤ በኋላ የመጣው ይህ ሲምፎኒ ነው። መጀመሪያ ያሰበው ለናፖሊዮን ነበር። በ1804 ናፖሊዮን ራሱን ንጉሠ ነገሥት ማድረጉን ሲሰማ ግን ስሙን ከሽፋኑ ላይ እስኪቀደድ ድረስ ፋቀው። ቀዳዳው ያለበት ወረቀት እስከዛሬ ቪየና ውስጥ አለ።

ምን እንስማ? መክፈቻው ላይ ኦርኬስትራው ሁለት ጊዜ በኃይል ይመታል፣ በር እንደሚደበድብ ሰው። ሁለተኛው ክፍል ደግሞ የቀብር ማርሽ ነው። መሃል ላይ ለአፍታ ብርሃን ይገባና መልሶ ይጨልማል።

2. ሜሲየን፦ «ለዘመን ፍጻሜ ኳርቴት»

ኦሊቪየር ሜሲየን ፈረንሳዊ ነው። በ1940 በጀርመኖች ተማርኮ ጎርሊትስ ከተማ ወዳለው የጦር እስረኞች ካምፕ ተወሰደ። እዚያ ሦስት ሙዚቀኛ እስረኞች አብረውት ነበሩ፦ አንዱ ቫዮሊን፣ አንዱ ቼሎ፣ አንዱ ክላሪኔት ይጫወታሉ። እሱ ራሱ ፒያኖ። የተለመደ አሰላለፍ አልነበረም፤ ያለው ግን ያ ብቻ ነው፣ ላለው ጻፈ። ወረቀትና እርሳስ በማቅረብ የረዳው ከጠባቂዎቹ አንዱ፣ ካርል-አልበርት ብሩል የሚባል ጀርመናዊ ነበር።

ጥር 15 ቀን 1941፣ በዚያ ብርድ፣ ለእስረኞችና ለጠባቂዎች ተጫወቱት። ሜሲየን በኋላ ሲናገር ቼሎው 3 ክር ብቻ ነበረው ብሏል፤ ቼሎውን የተጫወተው ፓስኪየ ግን «ኧረ 4 ነበረው» ባይ ነው። ክላሪኔት ነፊው አንሪ አኮካ አይሁዳዊ ነበር፤ በዚያው ዓመት ከጀርመኖች እጅ አመለጠ።

ርዕሱ የመጣው ከዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 10 ነው፤ መልአኩ ዘመን እንደሚያበቃ የሚምልበት ቦታ።

ምን እንስማ? 8 ክፍል አለው። 5ኛውን ብቻ ክፈቱ፦ ቼሎና ፒያኖ ብቻ፣ እጅግ በጣም ቀስ ብሎ። ዜማው አይቸኩልም። እስረኛ ሰው ጊዜን እንዲህ ሲያስረዝመው ስትሰሙ ትገረማላችሁ።

3. ሾስታኮቪች፦ 7ኛው ሲምፎኒ፣ «ሌኒንግራድ»

በመስከረም 1941 የናዚ ጦር ሌኒንግራድን፣ የዛሬዋን ሴንት ፒተርስበርግን፣ ከበባት። ከበባው 872 ቀን ቆየ። በመጀመሪያው ክረምት ሠራተኛ ላልሆነ ሰው የቀን የዳቦ ራሽን 125 ግራም ድረስ ወርዶ ነበር። ሾስታኮቪች ሲምፎኒውን የጀመረው እዚያው ከተማ ውስጥ ነው። በጥቅምት በመንግሥት ትዕዛዝ ወጣና በታኅሣሥ ሌላ ከተማ ሆኖ ጨረሰው።

ነሐሴ 9 ቀን 1942 ሥራው በተከበበችው ከተማ ውስጥ ተጫወተ። ካርል ኤሊያስበርግ የሚመራው የሬዲዮ ኦርኬስትራ ለመጀመሪያው ልምምድ መምጣት የቻሉለት 15 ያህል ሰዎች ብቻ ነበሩ። ሌሎቹ ወይ ሞተዋል፣ ወይ ለመቆም አቅም የላቸውም። ከጦር ግንባር ሙዚቃ የሚችሉ ወታደሮች ተጠሩ፣ ለተጫዋቾቹም ተጨማሪ ምግብ ተመደበ። በዕለቱ የሶቪየት መድፈኞች ኮንሰርቱ እንዳይረበሽ የጀርመኖቹን ቦታ አስቀድመው ደበደቡ። ሙዚቃው በድምፅ ማጉያ በየመንገዱ ተሰማ።

ምን እንስማ? መጀመሪያው ክፍል ውስጥ፣ ከ6 ደቂቃ በኋላ አካባቢ፣ የማርሽ ባንድ ዓይነት ትንሽ ከበሮ ከሩቅ ይጀምራል። አንድ ቀላል፣ እንዲያውም ቀልድ የሚመስል ዜማ ይመጣል። ያው ዜማ ይደጋገማል፣ በእያንዳንዱ ዙር ድምፁ ይጨምራል። ወደ 10 ደቂቃ ገደማ እንዲህ ይቀጥልና ቀልዱ አስፈሪ ይሆናል።

4. እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ፦ «ዘ ሆምለስ ወንደረር»

የእኛዋ ፒያኒስትና የዜማ ደራሲ እማሆይ በ1923 አዲስ አበባ ተወለዱ። በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ገብተው ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ። በ1937 ፋሺስት ጣሊያን ከነቤተሰባቸው አሲናራ ወደምትባል ደሴት አጋዛቸው። ከነጻነት በኋላ ካይሮ ቫዮሊን ተማሩ። ለንደን ሄደው የመማር ዕድላቸው ሲሰናከል ወደ ግሸን ማርያም ወጡ፣ መነኮሱ፣ ለዓመታት በባዶ እግር ኖሩ።

ሙዚቃውን ግን ጨርሰው አልተዉትም። በ1960ዎቹ ያስቀረጹት ሸክላ ገቢ ለችግረኛ ልጆች ዋለ። ዓለም በሰፊው ያወቃቸው ሥራዎቻቸው በ2006 በ«ኢትዮፒክስ» ቁጥር 21 ሲወጡ ነው። በ2023 ኢየሩሳሌም ውስጥ በ99 ዓመታቸው አረፉ።

ምን እንስማ? ፒያኖው የአውሮፓ ነው፣ ቅኝቱ የእኛ። አንዳንዴ ጣቶቹ ቆም ብለው የሚያመነቱ ይመስላል። ሙዚቃው ሐዘን አለበት፤ ለቅሶ ግን አይደለም።

ስልክ ላይ እንዴት ይሰማ?

• በስልኩ ስፒከር አትስሙት፤ የሾስታኮቪች ከበሮ ሲጀምር ምንም አትሰሙም። ኢርፎን አድርጉ።
• ከበሮው ቀጭን ነው ብላችሁ ድምፁን እስከ ጥግ አትጨምሩ፤ በኋላ ጆሯችሁን ያምማችኋል።
• ዳታ ለመቆጠብ የቪዲዮውን ጥራት ዝቅ አድርጉት፤ ዋይፋይ ስታገኙም አውርዳችሁ አስቀምጡ።
• ሙሉውን ካልሰማሁ አትበሉ። አንድ ክፍል ይበቃል። ግን በዚያች ክፍል ቲክቶክ ዝጉ።

ለጀማሪ የእኔ ምርጫ የሜሲየን 5ኛ ክፍል ነው፤ 8 ደቂቃ ገደማ ብቻ ይወስዳል። እስቲ ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ሞክሩትና እንቅልፍ ከወሰዳችሁ ንገሩኝ።