የመስከረም ጣጣ ከቡናው ቀድሞ ይደርሳል

በነቀምቴ መስከረም ሲጠባ የአዋቂ ሰው ጣጣ ተደራርቦ ይመጣል። የልጆች ምዝገባ፣ ደብተርና ዩኒፎርም፣ የቤት ኪራይ፣ የእድር መዋጮ፣ ክረምቱ ያዛገው ቆርቆሮ፣ “ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ተመለሱ” የሚል ቢሮ። አንዱም ለብቻው ሰው አይጥልም። ታዲያ ሲደመሩ ለምን እንዲህ ያዝላሉ?

ተመራማሪዎች መጀመሪያ ያተኮሩት በከባዱ መከራ ላይ ነበር። በ1967 እ.ኤ.አ. ሆምስና ራሄ የተባሉ ሐኪሞች 43 የሕይወት ክስተቶችን በክብደታቸው ደረጃ ሲያወጡ የትዳር ጓደኛ ሞት በ100 ነጥብ ቀዳሚ ሆነ። በ1981 እ.ኤ.አ. ግን ካነር፣ ላዛረስና ባልደረቦቻቸው ካሊፎርኒያ ውስጥ 100 ጎልማሶችን ለወራት ተከታትለው ስለ 117 ጥቃቅን ጣጣዎች ጠየቁ። የአእምሮ ጭንቀት ምልክቶችን አስቀድሞ በመጠቆም ጥቃቅኖቹ ከትልልቆቹ በለጡ። ብዙ ሰው ካነሳቸው መካከል የሰውነት ክብደት፣ የቤተሰብ ጤናና የዕቃ ዋጋ መናር ይገኙበታል። ክብደቱን ለካሊፎርኒያ እንተውላት፤ የቀሩት ሁለቱ ግን ከነቀምቴ ገበያ የተለቀሙ ይመስላሉ።

ምክንያቱ ከፊሉ ሰውነታችን ውስጥ ነው። በተበሳጨን ቁጥር አድሬናሊንና ኮርቲሶል ይመነጫሉ፤ ልብ ይፈጥናል፣ በደም ውስጥ ስኳር ይጨምራል። ጣጣው አንድ ጊዜ ከሆነ ሰውነት ይረጋጋል፤ እየተከታተለ ከመጣ ግን ፋታ ያጣል።

ከብዛቱም ባሻገር የሚያደክመው ጣጣው መቼ እንደሚመጣ አለማወቅና ማስቆም አለመቻል ነው። ግላስና ሲንገር የተባሉ ተመራማሪዎች ሰዎችን ድንገተኛ ጫጫታ እያሰሙ ሲያሠሯቸው ለአንደኛው ቡድን ጫጫታውን የሚያቆም ቁልፍ ሰጡ፤ “ባትጫኑት ግን ደስ ይለናል” አሏቸው። አብዛኞቹ አልነኩትም። ሆኖም ከዚያ በኋላ በተሰጣቸው አስቸጋሪ ሥራ ቁልፍ ካልነበራቸው ይልቅ ጸንተው ሞከሩ። ወለጋ ቁልፍ ማጣትን በተግባር ያውቀዋል። ከታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በቄለም፣ በምዕራብና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ስልክና ኢንተርኔት ለሦስት ወር ያህል ተቋርጦ ነበር። ሩቅ ያለ ልጅን “ደኅና ነህ ወይ?” ብሎ መጠየቅ እንኳ መልእክተኛ ፍለጋ ሆነ፤ መቼ እንደሚለቀቅም የነገረ አልነበረም።

ገንዘብ ደግሞ የራሱ ወቅት አለው። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በሕንድ ታሚል ናዱ 464 የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎችን ከምርት በፊትና በኋላ ፈትኖ፣ ያው ሰው ከምርት በፊት ኪሱ ሲሳሳ በማሰብ ፈተናዎች ዝቅ ያለ ውጤት እንዳመጣ አሳየ። ሰውየው አልደነዘዘም፤ ሐሳቡ በዕዳ ተይዞ ነው። ከነቀምቴ እስከ ጊምቢ ብዙ ቤት የሚተነፍሰው ከጥቅምት ወዲህ ቡናው ተለቅሞ፣ ጀንፈሉ ደርቆ ሲሸጥ ነው። የትምህርት ቤት ክፍያ ግን መስከረም ላይ፣ ሐሳብም ኪስም በሳሱበት ወር ይጠየቃል።

ለሞት እድር አለን፤ ድንኳኑ ይተከላል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል። ለጥቃቅኑ ጣጣ ግን የሚደርስ የለም፤ ሰውም “ይህ ምን ይወራል” ብሎ ይውጠዋል። መድኃኒቱ ደግሞ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የግል ትምህርት ቤቶች ቢያንስ የክፍያውን ግማሽ ወደ ታኅሣሥ ያዛውሩት። መብራትና ውኃ የሚያቋርጡ መሥሪያ ቤቶችም የሚያቋርጡበትንና የሚመልሱበትን ሰዓት ከዋዜማው ይንገሩን።